ከኮሮላዋ የፊት እግር ስር

መኪናዋ ቀጥ ብላ ስትሄድ ምንም አልነበረባትም። ወደ ሰፈሬ ለመግባት መሪውን እስከ መጨረሻው ስጠመዝዝ ግን ከፊት በግራ ጎማ በኩል «ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ» ትላለች። ነዳጅ ስሰጣት ድምፁ ይፈጥናል፣ ስለቃት ይቀንሳል። ሁለት ወር ያህል ሬዲዮውን ከፍ እያደረግኩ አለፍኩት። በመጨረሻ ጎማውን ፈትቼ ጎንበስ ስል የቸርኬው ውስጠኛ ክፍል በጥቁር ግሪስ ተለቅልቆ አገኘሁት። ጥፋቱ የጀመረው መዳፍ በማታክል በተቀደደች የጎማ መሸፈኛ ነበር፤ ዋጋው ግን ሙሉ ሰሚያስ ሆነ።

መካኒኮቻችን «የፊት እግር» የሚሉት ስም ለነገሩ በጣም የሚስማማ ነው። የመኪናው የፊት ክፍል ይሸከማል፣ ይታጠፋል፣ ይራመዳል። ሸክሙን የሚችሉት ሞላውና በመካከሉ የቆመው ሾክ አብዞርበር ናቸው። የታችኛው ክንድ ጎማውን ከሻንሲው ጋር ያይዘዋል፤ በአንድ ጫፉ ቦኮላ የምንላቸው ጎማ ለበስ ቀለበቶች፣ በሌላው ጫፉ ደግሞ ቦል ጆይንት አሉት። ሰሚያሱ ከካምቢዮው ተነስቶ ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ ነው። (ሰሚያስ፣ ካምቢዮ፣ ሞላ፣ ቦኮላ፣ ኩሽኔታ፤ የጋራዥ ቋንቋችን ግማሹ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው።) በድሮዎቹ ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲዎች የፊት እግር ውስጥ ሰሚያስ አልነበረም፤ ላዳ የምትገፋው በኋላ ጎማዋ ነውና። እንደ ኮሮላና ቪትዝ ባሉት መኪኖች ግን ያው የፊት ጎማ መሪም፣ ተሸካሚም፣ ጎታችም ነው። ከባዱ ነገር እዚህ ላይ ነው።

አንድ ዘንግ እየታጠፈና ከጉድጓድ ጉድጓድ እየዘለለ እንዴት እኩል ይዞራል? በካርዳን ላይ የምናውቀው ክሮቸራ (ባለ መስቀል ቅርጽ መገጣጠሚያ) ለዚህ አይበቃም። አንድ ክሮቸራ ብቻውን ታጥፎ ሲዞር፣ ከወዲያ ያለው ዘንግ በአንድ ዙር ውስጥ ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል፤ መሪ በተጠመዘዘ ቁጥር መኪናው ይንዘፈዘፋል። መፍትሔውን በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያመጣው የፎርድ መሐንዲስ የነበረው አልፍሬድ ዜፓ ነው። ስድስት የብረት ኳሶች በተጠረቡ ቦዮች ውስጥ ይቀመጣሉ። ዘንጉ የቱንም ያህል ቢታጠፍ፣ ኳሶቹ ሁልጊዜ የሚሰለፉት የመታጠፊያውን ማዕዘን እኩል ለሁለት በሚከፍለው መስመር ላይ ነው፤ ስለዚህ የገባው ፍጥነት ሳይዛባ ይወጣል። በ1959 እ.ኤ.አ. የወጣችው ትንሿ የእንግሊዝ መኪና ሚኒ ይህን መገጣጠሚያ በብዛት ወደ ሕዝብ አመጣችው። ዛሬ «ሲቪ ጆይንት» የምንለው እሱ ነው። እኔ ይህንን የብረት ሥራ ባየሁት ቁጥር አደንቀዋለሁ፤ እጅ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው፣ መኪናዋን ሁሉ ግን ይጎትታል።

ጠላቱ አቧራ ነው። ኳሶቹ የሚኖሩት በሞሊብዲነም በጠቆረ ግሪስ ውስጥ ነው፤ ግሪሱን የሚይዘው ደግሞ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ የጎማ መሸፈኛ ነው። መሸፈኛው በእርጅና ይሰነጠቃል። ዘንጉ በዞረ ቁጥር ግሪሱ በስንጥቁ እየተረጨ ይወጣል፣ በምትኩ አቧራና ጭቃ ይገባል፤ ይህ ከግሪስ ጋር ሲደባለቅ እንደ ሞረድ ይሆናል። ቦዮቹ ሲበሉ ኳሱ ልቅ ይሆንና መሪ ሲዞር ይንኳኳል። መሸፈኛው እንደተቀደደ ከተደረሰበት ግሪስ ማጠብና መሸፈኛ መቀየር ይበቃል። «ጠቅ ጠቅ» ከተጀመረ በኋላ ግን አዲስ መሸፈኛ መግዛት ብር ማባከን ነው። በካምቢዮው በኩል ያለው የውስጠኛው መገጣጠሚያ ሲያረጅ ምልክቱ ሌላ ነው፤ መኪናዋ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ነዳጅ ስትወስድ ትንቀጠቀጣለች።

ሰሚያሱን ቤት ውስጥ መቀየር ይቻላል? ይቻላል፤ መሬቱ ደልዳላና ሲሚንቶ የለበሰ ከሆነ። ክሪክ ማንሻ እንጂ መደገፊያ አይደለም። ብሎኬት ደግሞ ፈጽሞ አይደገፍበትም፤ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ሳያስጠነቅቅ ይፈነዳል። ጠንካራ የብረት መደገፊያ ሳይኖር ማንም ሰው ከመኪና ስር እንዲገባ አልመክርም።

የመጀመሪያው ሥራ የሰሚያሱ ዳዶ ነው፤ የሚላላውም መኪናዋ መሬት ላይ እያለች፣ ሰው ፍሬን ረግጦላት ነው። የኔ ኮሮላ የ2003 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ናት፤ ዳዶዋ 30 ቁጥር ቡሶላ ይፈልጋል። የዳዶው ከንፈር በዘንጉ ቦይ ውስጥ ተቀጥቅጦ ስለሚቆለፍ መጀመሪያ እሱን በስል ብረት ማቃናት ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ጎማው ይወጣል፤ ቦል ጆይንቱን ከታችኛው ክንድ ጋር የያዙት አንድ ቡሎንና ሁለት ዳዶዎች ይፈታሉ፤ ክንዱ ወደ ታች ሲገፋ ጎማ ተሸካሚው ወደ ጎን ይሸሻል፣ የሰሚያሱም ጫፍ ይወጣል። የዘንጉን ጥርስ በመዶሻ መምታት የብዙ ሰው ስህተት ነው፤ ዳዶውን ጫፉ ላይ መልሶ በእንጨት መምታት ይሻላል። ዘንጉን ይዞ መሳብም አያስፈልግም፣ የውስጠኛው መገጣጠሚያ ሊነቀል ይችላል፤ በካምቢዮው አፍ ላይ በብረት ፈልቀቅ ማድረግ ይበቃል። ዘይት ስለሚፈስ ሳህን ከስር ይቀመጥ። አዲሱ ሰሚያስ ሲገባ በውስጠኛው ጫፉ ላይ ያለው የመቆለፊያ ቀለበት «ጠቅ» ብሎ መያዝ አለበት፤ ይህ የምንፈልገው ጠቅታ ነው። አዲሱ ዳዶ በኮሮላዬ የሚጠብቀው በ216 ኒውተን ሜትር ነው፤ አንድ ሜትር ቱቦ ጫፍ ላይ 22 ኪሎ ያህል ክብደት እንደማሳረፍ ማለት ነው። የሌላ መኪና ልክ ከመመሪያ መጽሐፉ ይወሰድ።

እግሩ ከተፈታ አይቀር ቦል ጆይንቱን አለመፈተሽ ሞኝነት ነው። ሲቪ ጆይንት ሲሞት መኪናው ይቆማል፤ ቦል ጆይንት ሲነቀል ግን ጎማው ወደ ጎን ይታጠፍና መኪናው አፍንጫውን መሬት ላይ ይተክላል። ጎማው ከመሬት ተነስቶ ላይና ታቹን ይዞ ሲወዘወዝ ከተንቀሳቀሰ ጥፋቱ የቦል ጆይንቱ ወይም የኩሽኔታው ነው፤ ግራና ቀኙን ይዞ ሲወዘወዝ ከተንቀሳቀሰ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የመሪው ቴስቲና ነው።

ብዙ ልምድ ያላቸው ሰዎች ሳይቀሩ የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ። የታችኛው ክንድ ቦኮላዎች ከተቀየሩ ቡሎናቸው የመጨረሻውን ጥብቀት የሚያገኘው መኪናዋ በአራት ጎማዋ ቆማ ክብደቷን ስታሳርፍ ነው። ቦኮላ አይሽከረከርም፤ የራሱ ጎማ ይጠመዘዛል፣ ይመለሳል። እግሩ ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቀ መኪናዋ ስትወርድ ቦኮላው ተጠማዞ ይቀራል፤ ሲቆምም ሲሄድም ያ ውጥረት አይለቀውም፣ አዲስ ዕቃ በጥቂት ወራት ይቀደዳል። ከዚያ በመለዋወጫ ገበያው በሶማሌ ተራ የተሸጠልን ዕቃ አስመስሎ የተሠራ ነው ብለን ሻጩን እንወቅሳለን።

አንድ ነገር ግን ቤት ውስጥ አይነካም፦ ሞላው። ተጨምቆ የተቀመጠው ኃይል ሰው ይገድላል። ሾክ አብዞርበሩ የሚቀየር ከሆነ ከነሞላው እንዳለ ተፈትቶ፣ የላይኛው ማዕከላዊ ዳዶ ሳይነካ፣ መጨመቂያ መሣሪያ ወዳለው ጋራዥ ይወሰድ። ሥራው ሲያበቃም የጎማ አሰላለፍ ይለካ።

በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉ ከታወቀ ወዲህ፣ ያሉን አሮጌ መኪኖች ከዚህም በላይ ሊያረጁ ነው። የኤሌክትሪኮቹም ቢሆኑ ከሞተራቸው እስከ ጎማቸው ያለው ሰሚያስ፣ ሲቪ ጆይንትና የጎማ መሸፈኛ ያው ነው። ስለዚህ ነገ ጠዋት ሞተሩን ከማስነሳትዎ በፊት መሪውን እስከ መጨረሻው ያዙሩና ከጎማው ኋላ ጎንበስ ብለው ይመልከቱ፤ ጥቁር ግሪስ ካዩ ድምፁን አይጠብቁ።