ስም የሆነ ቁጥር

በሲም ካርድ መሸጫ መስኮት ፊት ቆሞ ሻጯ የዘረጋችለትን የቁጥር ዝርዝር የሚመለከተውን ሰው ልብ ብሎ ያየ እንደ ሆነ፣ ዓይኑ ብቻ ሳይሆን ከንፈሩም እንደሚሠራ ያስተውላል። አንዱን ቁጥር በለሆሳስ ይለዋል፤ ሁለት ሁለቱን እየቆረጠ ይደግመዋል፤ «ይቺ ትያዛለች?» ብሎ አጠገቡ የቆመውን ይጠይቃል፤ ያም ሰው ቀና ብሎ በቃሉ ሊወጣው ሲሞክር መካከል ላይ ከተደናቀፈ ያ ቁጥር ተፈርዶበታልና ጣቱ ወደሚቀጥለው መስመር ይወርዳል። ቁጥር ለመምረጥ ከዚህ የበለጠ ጥበብ አለ ብዬ አላምንም። ነገር ግን ሰውን ስለ ቁጥር እንዲህ እስኪጨነቅ ያደረሰው ታሪክና ከቁጥሩ በስተጀርባ ያለው አሠራር ቢታወቅ ለመራጩ ሳይጠቅም አይቀርምና ከጥንተ ነገሩ ልጀምር።

ስልክ በተፈለሰፈበት በመጀመሪያው ዘመን ቁጥር የሚባል ነገር አልነበረውም። ደዋዩ መስሚያውን አንሥቶ የሚሻውን ሰው በስሙ ይጠራል፤ በማእከሉ የተቀመጠችውም ሠራተኛ የከተማውን ባለ ስልክ ሁሉ በቃሏ አጥንታው ነበርና የአንዱን ሽቦ ከሌላው ጋር ታገናኛለች። እ.ኤ.አ. በ1879 በአሜሪካ አገር በሎውል ከተማ የኩፍኝ ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ፣ ሞዘስ ግሪሊ ፓርከር የተባሉ ሐኪም፣ እነዚያ ሠራተኞች በአንድ ጊዜ ቢታመሙ የሚተካቸው ሰው ደንበኛውን ከነስሙ ለይቶ ሊያውቅ አይችልም ብለው በመሥጋት ለእያንዳንዱ ቁጥር እንዲሰጠው መከሩ ይባላል። የኩባንያው ሹማምንት ግን፣ ስም ያለው፣ ቤትና ማዕርግ ያለው ሰው እንደ ጆንያ ቁጥር ቢጻፍበት ክብሩ የተነካ መስሎት ይቆጣል ብለው ፈርተው እንደ ነበር ይነገራል። ያን ጊዜ ውርደት ይሆናል ተብሎ የተፈራው ነገር ዛሬ ሰው ገንዘብ ጨምሮ የሚሽቀዳደምበት ጌጥ ሆኖ መገኘቱን ቢያዩ ምን ይሉ ነበር!

ስልክ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ሲሆን፣ የተንቀሳቃሹ ስልክ አገልግሎት የተጀመረው ግን በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነው። እስከ 1998 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ የአገራችን ቁጥር ባለ ስድስት አኃዝ ነበር፤ በዚያ ዓመት ሥርዓቱ ሲለወጥ የፊተኞቹ የሞባይል ደንበኞች 0911ን ከፊት ተቀብለው ቀሩ። ከዚህም የተነሣ «ዜሮ ዘጠኝ አስራ አንድ» ብሎ የሚጀምር ሰው፣ የቀረውን ስድስት አኃዝ ሳይጨርስ፣ ሞባይል በጥቂቶች ወገብ ላይ የሚሰካ ብርቅ በነበረበት ዘመን የያዘ ነባር ሰው መሆኑን ተናገረ ማለት ነው። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሁለተኛው ኩባንያ በአዲስ አበባ ሥራ ሲጀምር 07 መጣ፤ 07 ገና የዘር ሐረግ አላበቀለም።

አሁን ወደ ምሥጢሩ እንግባ። ብዙ ሰው ቁጥሩ በዚያች ጥፍር በምታክል ካርድ ውስጥ የተቀረጸ ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ካርዷ በውስጧ የያዘችው፣ ባለቤቱ ምናልባት ዕድሜውን ሙሉ የማያየውን፣ አብዛኛውን ጊዜ አሥራ አምስት አኃዝ ያለውን ሌላ ቁጥር ነው፤ የኢትዮጵያ ካርድ ከሆነ 636 ብሎ ይጀምራል። ይህን ነገር ከስመ ክርስትና ጋር ባመሳስለው የሚቆጣኝ ያለ አይመስለኝም። ሰውየው በሰፈርና በገበያ የሚጠራው በዓለም ስሙ ነው፤ በቁርባኑና በፍትሐቱ ጊዜ ግን ካህኑ የሚያነሣው ያን ሌላውን ስም ነው። እንዲሁም ወዳጅ ዘመድ በምትመርጠው ቁጥር ይጠራሃል፤ ኩባንያው ግን በማኅደሩ የሚያውቅህ በስውሩ ስም ነው፤ ያም ስም ቢሆን በአየር ላይ አዘውትሮ እንዳይነገር መረቡ ጊዜያዊ ስም እያወጣለት ይሸፍነዋል። ሁለቱን የሚያስተሳስራቸው በኩባንያው መዝገብ የሚገኝ አንድ መስመር ብቻ ነው። ሲሙ የጠፋበት ሰው መታወቂያውን ይዞ ሄዶ በዚያው ቁጥር ሌላ ሲም ማውጣት የሚቻለው ስለዚህ ነው፤ ቁጥር መምረጥም ቢሆን፣ በፍሬ ነገሩ፣ በዚያ መዝገብ ከስውሩ ስም አጠገብ የሚጻፈውን መምረጥ ነው።

ታዲያ ዋጋው ከየት መጣ ቢሉ፣ ከሒሳብ ነው። 0911ን የመሰለውን መነሻ ትተን የሚቀሩትን ስድስት አኃዞች ብንወስድ፣ አንድ ሚሊዮን ልዩ ልዩ ቁጥር ይወጣቸዋል። ከዚህ ሚሊዮን ውስጥ ስድስቱም አንድ ዓይነት የሆኑት 10 ብቻ ናቸው፤ ሁለት አኃዝ ሦስት ጊዜ የሚመላለስባቸው፣ እንደ 252525 ያሉት፣ 90 ናቸው፤ ሦስቱ አኃዝ ሁለት ጊዜ የሚደገምባቸው፣ እንደ 471471 ያሉት፣ 990 ይሆናሉ። ከዚህ ያለፈው ሕዝብ ነው። ጥቂት የሆነ ነገር ደግሞ ወርቅ ይባላል፤ ወርቅም ከተባለ ሚዛን ይቀርብለታል። እ.ኤ.አ. በ2003 በቻይና የሲቹዋን አየር መንገድ ስምንት ጊዜ ስምንት የሆነውን ቁጥር በ2.33 ሚሊዮን ዩዋን የገዛው፣ በቋንቋቸው የስምንት ድምፅ ከብልጽግና ጋር ስለሚቀራረብ ነው፤ አራት በአንጻሩ ሞትን ስለሚያሰማ ይሸሹታል። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ በኳታር ለበጎ አድራጎት በተደረገ ጨረታ ሰባት ጊዜ ስድስት የሆነው ቁጥር 10 ሚሊዮን የኳታር ሪያል አወጣ። ራእየ ዮሐንስን ያነበበ የአገራችን ምእመን ያን ቁጥር በነጻ ቢሰጡት እንኳ አማትቦ እንደሚመልስ አልጠራጠርም።

እኛም በበኩላችን ቁጥርን እንደ ባዶ ምልክት የምናይ ሕዝብ አይደለንም። ከኛ ዘንድ 12 ሚካኤል ነው፤ 19 ገብርኤል፤ 21 ማርያም፤ 23 ጊዮርጊስ፤ 27 መድኃኔ ዓለም። ጽዋ ማኅበር የምትጠጣ እናት የልጇን ቁጥር መጨረሻ «ማርያምና ጊዮርጊስ» ብላ ስትይዘው፣ 2123 ለመርሳት እንዴት ይቻላታል? በዐውደ ነገሥት ሐሳብ የሚታመኑት ደግሞ የሰውየውንና የእናቱን ስም በፊደሉ ቁጥር መንዝረው፣ ደምረው፣ በ12 ገድፈው ኮከቡን ያወጣሉ፤ ከዚህ ዓይነቱ ሐሳብ ተነሥቶ የስልኩን አኃዝ ደምሮ የሚመረምር ቢገኝ ብዙ አልደነቅም። እኔ በዕድል ቁጥር አላምንም፤ ነገር ግን በአእምሮ ውስጥ መንጠቆ ያለው ቁጥር ከሌለው እንደሚሻል፣ መንጠቆውም ከሰውየው ሕይወት የተወሰደ ሲሆን እንደሚጠነክር አምናለሁ።

ለንግድ የሚመረጥ ቁጥር ሌላ ብልሃት አለው። በስልኩ ገበታ ላይ ከ2 እስከ 9 ባሉት ቁጥሮች ሥር የላቲን ፊደላት ተደርድረዋል፤ አሜሪካውያን በዚህ ተጠቅመው ቁጥሩን ቃል ያደርጉታል። የታክሲ ጥሪ አገልግሎት የሆነውን የራይድን አጭር ቁጥር፣ 8294ን፣ የሚደውል የአዲስ አበባ ሰው ብዙ ጊዜ ልብ አይለውም እንጂ፣ ታክሲ የሚለው ቃል በላቲን ሲጻፍ አራቱ ፊደላት የሚያርፉት በ8፣ በ2፣ በ9 እና በ4 ላይ ነው። የእኛ ፊደል ከነቤተሰቡ በዚያች ጠባብ ገበታ ላይ ስለማይበቃ ይህን ጨዋታ በግእዝ ፊደል ልንጫወተው አልቻልንም፤ ያለን መሣሪያ የድምፁ አወራረድ ነው።

የወርቅ ቁጥር እንከን የለውም ብሎ የሚያስብ ካለ ደግሞ አንድ ጊዜ ለሌላ ሰው በቃል ያስጽፈው። «አምስት፣ አምስት፣ አምስት» እያለ ሲቆጥር ጸሐፊው አራት ይሁን አምስት ጊዜ መስማቱን ይጠራጠራል፤ «ስንት ጊዜ ነው ያልከው?» ይመጣል። ልጅ በስልክ ሲጫወት፣ ስልክ በኪስ ውስጥ ሲጫን ቀድሞ የሚገኘውም ይኸው ተደጋጋሚው ነው። ስለዚህ ለራሱ የሚመርጥ ወዳጅ ቢያማክረኝ፣ ከሦስቱ ጥንድ ሁለቱ የሚመሳሰሉለትን ወይም አንድ የሚያውቀው ዓመት ያለበትን ይያዝ፤ ሰባትና ሰባ፣ ስምንትና ሰማንያ በጫጫታ ውስጥ ይምታታሉና እንዳይበዙበት ይጠንቀቅ፤ ከሁሉም በፊት ግን ቁጥሩ አዲስ ወይስ የሌላ ሰው የነበረ መሆኑን ይጠይቅ እለዋለሁ። አሁን ባንኩም፣ የገንዘብ ማስተላለፊያውም፣ የይለፍ ቃሉም በዚያ ቁጥር ላይ ስለ ታሰሩ፣ አንዴ ከተያዘ በኋላ መለወጡ ከቤት መቀየር አያንስም።

ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ስትሰማ ዜማ የምትመስል፣ መጨረሻዋ ሚካኤልና ገብርኤል የሆነች ቁጥር አግኝቼ፣ ከጥንቱ ቁጥሬ ተለይቼ ያዝኋት። በሳምንቱ የማላውቀው የእድር ዳኛ ስለ ውዝፍ መዋጮ ወቀሰኝ፤ ቀጥሎ አንድ አናጺ የበሩ ቁመት ስንት ይሁን ሲል ጠየቀኝ፤ ቁጥሯ ተዘግታ ከርማ ወደ ገበያ የተመለሰች የሌላ ሰው ቁጥር ኖራለች። አናጺውም ዳኛውም ውለው አድረው ተዉኝ። አንዲት አሮጊት ግን አልተዉኝም፤ በየበዓሉ ዋዜማ ከገጠር ይደውላሉ፤ ድምፄን ሰምተው ዝም ይላሉ።

«እማማ፣ ተሳስተዋል፤ እኔ እርሱ አይደለሁም» አልኋቸው ባለፈው ፋሲካ።

«ቁጥሩ ስንት ነው?» አሉኝ።

ቀስ ብዬ፣ ሁለት ሁለቱን እየቆረጥሁ ነገርኋቸው። ወዲያ ማዶ አንድ ልጅ ከደብተር ላይ አብሮኝ እየተከተለ ሲያነብ ይሰማኛል።

«እሱማ ልክ ነው» አሉ አሮጊቲቱ፤ «በል እንኳን አደረሰህ።»