አልለቅም ያለ የመጠባበቂያ ዲስክ

ሰው የከበረ ነገሩን የሚያኖርበት ዕቃ እንደ ዘመኑ ይለዋወጣል። አባቶቻችን የርስታቸውን ደብዳቤ በሣጥን ይቈልፉበት፤ ዳዊታቸውንም በማኅደር አድርገው ከግድግዳ ይሰቅሉት ነበር። ዛሬ ግን የቤተ ሰብ ፎቶግራፍ፤ የልጆች የትምህርት ምስክር ወረቀት፤ የቤት ሰነድ፤ የሽማግሌ ድምፅም ሳይቀር በኮምፒዩተር ይቀመጣል። ኮምፒዩተሩ ቢሰበር ወይም ቢሰረቅ ሁሉ አብሮ እንዳይጠፋ፤ ከእጅ መዳፍ እምብዛም በማይበልጥ የውጭ ሃርድ ዲስክ ላይ ይገለበጣል። ይህም የመጠባበቂያ ዲስክ ይባላል። ነገር ግን ጠባቂው ራሱ በአያያዝ ጉድለት የጥፋት ምክንያት ሊሆን ይችላልና፤ በኔ ቤት የደረሰውን ለአንባቢዎች ልናገር ወደድሁ።

እናቴ ከማረፏ በፊት የትውልዳችንን ሐረግ ከአያት እስከ ቅድመ አያት እየቈጠረች ስትናገር ድምፅዋን ቀድተን በኮምፒዩተር አስቀምጠን ነበር። አንድ ማታ ኮምፒዩተሩ ስለ ሞላ ያንን ድምፅ ገልብጬ ሳይሆን አዛውሬ ወደ መጠባበቂያው ዲስክ አሳለፍሁት። ሥራው ያለቀ በመሰለኝም ጊዜ ዲስኩን እንዲለቅ አዘዝሁ። ኮምፒዩተሩ ግን ይህ ዕቃ በሥራ ላይ ስለ ሆነ የሚጠቀምበትን ፕሮግራም ዘግተህ እንደ ገና ሞክር የሚል መልስ ሰጠኝ። ሁለት ጊዜ ሦስት ጊዜ ብሞክር መልሱ አንድ ሆነ። እኔም መሽቶብኝ ነበርና ተናድጄ ገመዱን መዘዝሁት።

በማግስቱ ዲስኩን ብሰካው፤ ከመጠቀምህ በፊት ፎርማት ማድረግ አለብህ የሚል ጽሕፈት ወጣ። እሺ ልለው እጄን ስዘረጋ ልጄ ደረሰች።

«አባባ፤ ይተዉት! እሺ ካሉት እንደ ባዶ ዲስክ አድርጎ ያሰናዳዋል፤ ያለውንም ለማግኘት ይቸግራል» አለችኝ።

ምክርዋን ሰምቼ ወደ ባለሙያ ወሰድሁት። እርሱም አስቀድሞ የዲስኩን ሙሉ ግልባጭ በሌላ ዲስክ ላይ አነሣ፤ ከዚያም ከግልባጩ ላይ እየፈለገ ፎቶግራፉንና ሰነዱን አወጣልን። የእናቴ ድምፅ ግን ከመካከሉ ተቈርጦ ተገኘ። አምስተኛው ትውልድ ላይ ሲደርስ ጸጥ ይላል። ከዚያ በላይ ያለውን ዛሬ የሚነግረን ሰው የለም።

እኔ በመዝገብ ቤት ሥራ ያደግሁ ስሆን ይህን አለማስተዋሌ ያሳፍረኛል። መዝገብ በዳኛ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ሳለ ወደ መደርደሪያው ይመለስ ቢባል፤ መዝገብ ጠባቂው በማን ዘንድ እንዳለ ይጠይቃል እንጂ ከዳኛው እጅ አይነጥቅም። ዲስክም አልለቅም ሲል አንድ ሰነዱን የያዘ ፕሮግራም አለ ማለቱ ነው። ከዚህም በቀር ኮምፒዩተር ሥራውን ለማፋጠን ሲል የሚጻፈውን ሁሉ ወዲያው በዲስኩ ላይ ላያሳርፍ ይችላል። ጥቂቱን ካሽ በሚባለው ጊዜያዊ ማኖሪያ ያቈየዋል። ስለዚህ ለዓይን ያለቀ የሚመስል ሥራ በውስጥ ያልተፈጸመ ይሆናል። በፈረንጆች አቈጣጠር በ2018 ከወጣው ከዊንዶውስ 10 እትም 1809 ጀምሮ፤ ፈጥኖ ለመንቀል እንዲመች ይህ ማቈየት ለውጭ ዲስክ በልማድ የተተወ ነው። ሆኖም ባለቤቱ ለፍጥነት ብሎ ሊመልሰው ይችላል፤ በኔም ኮምፒዩተር እንዲሁ ሆኖ ተገኝቷል። በመጻፍ ላይ ያለ ፋይል ግን በማናቸውም እትም ቢሆን ከተነቀለ ይበላሻል።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም የሚደረገው በየተራው ይህ ነው።

1ኛ፤ ከዲስኩ የተከፈተውን ሰነድ፤ ፎቶግራፍና ድምፅ ሁሉ መዝጋት፤ የዲስኩን ፋይሎች የሚያሳየውንም መስኮት መዝጋት ነው። ከዚያ ጥቂት ቈይቶ እንደ ገና ማዘዝ ይገባል።

2ኛ፤ ለዓይን ሳይታዩ የሚሠሩትን ማሰብ ነው። ጸረ ቫይረስ ዲስኩን ይመረምራል፤ የፍለጋ ፕሮግራም የፋይሎቹን ማውጫ ያዘጋጃል፤ በዊንዶውስ ፋይል ሂስትሪ፤ በማክ ኮምፒዩተር ታይም ማሽን የሚባለው ግልባጭ ያነሣል። የዲስኩ መብራት ብልጭ ድርግም ማለቱን እስኪያቆም ድረስ መታገሥ ነው።

3ኛ፤ ማን እንደ ያዘው መጠየቅ ነው። በዊንዶውስ ሪሶርስ ሞኒተር የሚባለውን ከፍቶ፤ ሲፒዩ በሚለው ገጽ አሶሲዬትድ ሃንድልስ ከሚለው ሥፍራ የዲስኩን ፊደል ቢጽፉ የያዘው ፕሮግራም ስም ሊታይ ይችላል። ኢቨንት ቪወር በሚባለውም ዘንድ፤ ሲስተም በሚለው መዝገብ፤ ከርነል ፒኤንፒ ቍጥር 225 የሚል ጽሕፈት ቢገኝ የከለከለውን ፕሮግራም ይናገራል። ስሙ ከታወቀ ያንኑ ፕሮግራም በወጉ መዝጋት ነው፤ የማያውቁትን ግን በግድ ማቋረጥ አይገባም።

4ኛ፤ ይህም ካልሆነ ኮምፒዩተሩን ማጥፋት ነው። ማስተኛት ግን ማጥፋት አይደለም። ዊንዶውስ ፈጥኖ ለመነሣት ሲል ሥራውን በከፊል አስቀምጦ የሚጠፋበት ልማድ አለውና፤ ሺፍት የሚለውን ቍልፍ ይዞ ሻት ዳውን ማለት ፈጽሞ ያጠፋዋል። የዲስኩ መብራት ከጠፋ በኋላ ገመዱን መንቀል ይቻላል።

5ኛ፤ ሳይለቅ ተነቅሎ ከሆነ፤ ወይም በመገልበጥ ላይ ሳለ መብራት ሄዶ ከሆነ፤ ፎርማት አድርግ ቢል እሺ አለማለት ነው። ዲስኩ የሚከፈት ከሆነ አስቀድሞ ዋናውን ነገር ወደ ሌላ ሥፍራ መገልበጥ፤ ከዚያ በኋላ ፕሮፐርቲስ ከሚለው ውስጥ ቱልስ በሚለው ገጽ ስሕተቱን ማስመርመር ይገባል። የማይከፈት ወይም ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ የሚያሰማ ከሆነ ግን ነቅሎ ለባለሙያ መስጠት ነው።

ይህ ሁሉ መልካም ሆኖ ሳለ ከሁሉ የሚበልጠው አንድ ነገር ቀርቷል። እኔ የጠፋብኝ ገመድ ስለ መዘዝሁ ብቻ አይደለም። ድምፁን ከኮምፒዩተር አዛውሬ በዲስክ ላይ ብቻ ስለ ተውሁት ነው። ሌላ ቅጂ የሌለው ነገር በየትኛውም ሣጥን ቢቀመጥ መጠባበቂያ አለው አይባልም። የሙያው ሰዎች 3፤ 2፤ 1 የሚሉት ደንብ አላቸው። ይኸውም ሦስት ቅጂ፤ በሁለት ዓይነት ማኖሪያ፤ አንዱም ከቤት ውጭ ማለት ነው።

ይህ አሳብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ከየገዳሙና ከየቤተ ክርስቲያኑ በሺሕ የሚቈጠሩ ብራናዎችን በፊልም አንሥቷል። የፊልሙም ቅጂ በአዲስ አበባና በአሜሪካ አገር በሚኒሶታ ተቀምጧል። ብራናው ቢቃጠል ወይም ቢሰረቅ ቃሉ አብሮ አይጠፋም።

እኛም ዛሬ የእናቴን ድምፅ ቀሪ ክፍል በኮምፒዩተር፤ በዲስክና በእኅቴ ቤት አኑረነዋል። ልጄም ዲስኩ አልለቅም ባለ ጊዜ «ማን ይዞት ይሆን?» ብላ ትጠይቃለች እንጂ ገመዱን አትነካም።

የቸኰለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። እኔ ግን ያፈሰስሁትን ሁሉ አልለቀምሁም።