የቤት ጭስና የልጆቻችን ሳምባ



አምበርና አካባቢው ደጋ ነው። ክረምት ሲገባ ብርዱ ስለሚጠና በሩ ይዘጋል፤ እሳቱም ይነዳል። እናት ሕፃኗን አዝላ እንጀራ ትጋግራለች። ኩበቱ ወይም የባሕር ዛፉ ቅጠል ረጥቦ እንደ ሆነ ቤቱ በጭስ ይታፈናል፤ ዓይን ያለቅሳል፤ ልጅ ያስላል። «ምን ይደረግ፤ ጭስ የሌለበት ቤት የት አለ?» ይባላል። ነገር ግን የለመዱት ሁሉ አይጎዳም ማለት አይደለም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፥ ጭስም የሚጎዳው ቀስ በቀስ ነው።

ጭስ በሳምባ ውስጥ ምን ያደርጋል?

ጣራውንና ግድግዳውን ተመልከቱ፤ ጥላሸት ለብሶ ጠቁሯል። ያው ጥላሸት ከትንፋሽ ጋር ወደ ሳምባ ይገባል። ትልልቁን ብናኝ አፍንጫ ያስቀረዋል፤ በዓይን የማይታየው ደቃቁ ግን እስከ ሳምባ ጥግ ድረስ ይዘልቃል። የአየር ቧንቧ ውስጡ እጅግ ጥቃቅን በሆኑ ፀጉሮች የተሸፈነ ነው። እነዚህም ቆሻሻንና ተሕዋስያንን ከአክታ ጋር ወደ ላይ እየጠረጉ ያወጣሉ። ጭስ ሲበዛባቸው ይደክማሉ። ጠራጊ ያጣ ቤት ቆሻሻ እንደሚከማችበት ሁሉ፥ በሳምባም ውስጥ በሽታ አምጪ ተሕዋስያን ይራባሉ። የሕፃን ሳምባ ገና ያልጠነከረ፥ ትንፋሹም ፈጣን ስለሆነ ጉዳቱ ይብስበታል። ለብዙ ዓመታት በጭስ ውስጥ የጋገረች እናትም ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ የሚያጥራትና ሳሉ አልለቅ የሚላት ስለዚህ ሊሆን ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገመተው፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል። ከነዚህም ከ237 ሺህ የሚበልጡት አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው።

ተመራማሪዎች ምን አገኙ?

እንደኛ አገር ብርዳም በሆነው በጓቴማላ ደጋ፥ በ534 ቤቶች ጥናት ተደርጎ ውጤቱ በ2004 ዓ.ም. ታትሟል። ለእኩሌቶቹ የጭስ መውጫ ያለው ምድጃ ተሠራላቸው። በነዚያ ቤቶች ሕፃናቱ የሚተነፍሱት ጭስ በግማሽ ቀነሰ። ጠቅላላው የሳምባ ምች በርግጥ ቀነሰ ለማለት ባይቻልም፥ ከባዱ ግን በሲሶ ያህል ቀንሶ ተገኘ።

በኛው በጎጃም፥ በሜጫ ወረዳ፥ ከ5 ሺህ በላይ ሕፃናት የታዩበት ጥናት ውጤት በ2013 ዓ.ም. ወጥቷል። በዚህ ጥናት የተሻሻለ የእንጀራ ምድጃ የተሰጣቸው ቤቶች ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸሩ፥ በልጆቹ የሳምባ ሕመም ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። በማላዊም ከ10 ሺህ በላይ ሕፃናት የታዩበት ጥናት በ2009 ዓ.ም. ተመሳሳይ ነገር አሳይቷል።

ታዲያ ምድጃው ከንቱ ነው ማለት ነው? አይደለም። ምርጥ የሚባለው ምድጃ ማገዶን እስከ ግማሽ ይቆጥባል፤ እጅንም ከቃጠሎ ይጠብቃል። ነገር ግን ምጣዱ ተሻሽሎ የወጡ ጉልቻ እንደ ድሮው ቢጨስ፥ ልጁም እዚያው ቢውል፥ ሳምባው አላረፈም። ስለዚህ ምድጃ ብቻውን አይበቃም፤ ጭሱም ከቤት መውጣት አለበት።

ምን እናድርግ?

1. ማድቤትን ከመኝታ ቤት መለየት፤ ካልተቻለ በበጋ በደጅ መጋገር።
2. በዋናው ቤት የሚጋገር ከሆነ ከእሳቱ በላይ የጭስ መውጫ፥ በግድግዳውም መስኮት ማበጀት። ይህ የአባቶች ሥራ ነውና ቸል አይበሉት።
3. እንጨትና ኩበትን ከክረምት በፊት አድርቆ ዝናብ በማያገኘው ቦታ ማኖር።
4. ሕፃን አዝሎ አለመጋገር። ጡት አጥብታችሁ ለአያቱ ወይም ለታላቅ እኅቱ ስጡ፤ ጭስ በሌለበት ይጠብቁት።
5. የከሰል ምድጃ አግብቶ በር ዘግቶ አለመተኛት። ከሰል ጭሱ ባይታይም ሽታ የሌለው መርዘኛ አየር ስላለው ቤተሰቡን በሙሉ በእንቅልፍ ላይ ይገድላል።
6. ልጅን እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ ማጥባት፤ በ6፥ በ10ና በ14 ሳምንት ክትባቱን ማስከተብ። የሳምባ ምች መከላከያው ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን ይሰጣል።

ልጅ ሲያስለው

ልብ በሉ! የሳምባ ምችና በተለምዶ «ምች መታው» የሚባለው አንድ አይደሉም። ዳማከሴ የሳምባ ምችን አያድንም። «እንጥሉ ወርዶ ነው» ብሎ ማስቆረጥም ደም ያፈሳል፤ ሌላም በሽታ ያመጣል። ይህን ሲሞክሩ የሚያልፈው አንድ ቀን የልጅን ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

ልጁ ጸጥ ብሎ ሳለ ልብሱን ገልጣችሁ ትንፋሹን አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩ። ሁለት ወር ያልሞላው 60፥ ከሁለት ወር እስከ ዓመት 50፥ ከዓመት እስከ አምስት ዓመት 40 ወይም ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፥ ወይም ሲተነፍስ ከጎድኑ በታች ወደ ውስጥ ከጎደጎደ፥ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ኬላ ውሰዱት። ሁለት ወር ያልሞላው፥ ወይም ጡት መያዝ ያቃተው፥ የበላውን ሁሉ የሚያስመልሰው፥ ያንቀጠቀጠው ወይም ራሱን የሳተ ከሆነ ግን በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይሂድ። በጊዜ የደረሰ ልጅ በመድኃኒት ይድናል። ትልቅ ሰውም ቢሆን ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ካለበት አክታውን ያስመርምር።

እናቶች ሆይ፤ እሳት ቤትን ያሞቃል፤ ያበስላል፤ ያስፈልገናል። ጭሱን ግን ወደ ውጭ መሸኘት በእጃችን ነው። ዛሬውኑ መስኮቱን ክፈቱ፤ ልጁንም ከምድጃው አርቁ።