ሳይቸኩሉ የመረጡት ዋሽንት

በአዊ ምድር፣ በእንጅባራ ከተማ ከአውራ ጎዳናው ዳር የቀርቀሃ ወንበርና አልጋ ተደርድሮ የሚያይ መንገደኛ፣ ይህ ተክል ለአዊ ሰው ቤቱም፣ አጥሩም፣ ዕቃውም መሆኑን ወዲያው ይረዳል፤ ይኸው ውስጠ ክፍት አገዳ የሰውን እስትንፋስ ተቀብሎ ዜማ አድርጎ እንደሚመልስ ግን ልብ የሚለው፣ እረኛ ዋሽንት ሲነፋ ቆሞ ያደመጠ ነው።

ዋሽንት ከቀርቀሃ ወይም ከሸምበቆ የሚሠራ፣ ሁለቱም ጫፉ ክፍት የሆነ፣ ብዙውን ጊዜ 4 ቀዳዳ ያለው የትንፋሽ መሣሪያ ነው። ረጅሙ ወፍራም፣ አጭሩ ቀጭን ድምፅ ስለሚሰጥና ቀዳዳው አንድ ጊዜ ከተበሳ በኋላ ስለማይለወጥ፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን እንደየዘፋኙ ድምፅ ሊያጅብ የሚሻ ባለሙያ ርዝመታቸው የተለያየ ብዙ ዋሽንቶች ይዞ ይዞራል። በአንጻሩ ክሮማቲክ የሚባለው ባለ 12 ቀዳዳ ሃርሞኒካ፣ በጎኑ ያለችው ቁልፍ ስትገፋ፣ በ48 የናስ ልሳኖቹ ግማሽ ድምፆችን ሁሉ ብቻውን ያሟላል። ዋሽንት ግን እንዲህ ስላልሆነ፣ ገዢው አስቀድሞ ማንን ሊያጅብበት እንደሚፈልግ ይወስን።

ቀጥሎ አገዳውን ይመርምር። ለጋ ቀርቀሃ ውኃ የሞላበት ስለ ሆነ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ 3 ዓመት ያለፈው ግን ጠንክሮ ቅርጹን ይጠብቃል። የበሰለውንም ቢሆን ሠሪው በፀሐይ ወይም በእሳት አጣድፎ ካደረቀው፣ ውጩ ከውስጡ ቀድሞ ስለሚኮማተር፣ ዛሬ ያልታየው ስንጥቅ ከወራት በኋላ ብቅ ይላል። ገዢው ዋሽንቱን ወደ ብርሃን አቅንቶ ውስጡን ይመልከት፤ በጎኑ የፀጉር ያህል ብርሃን ከገባ፣ ወይም መታ ሲያደርገው የነቀዝ ዱቄት ከረገፈ፣ ይመልሰው። ከንፈር የሚያርፍበት ጠርዝም ያልተሸረፈ ይሁን። ሲሞክረው በመዳፉ አሙቆ፣ ከታችኛው ድምፅ ጀምሮ በለሆሳስ ይንፋ፤ የቀዘቀዘ ዋሽንት ድምፁ ዝቅ፣ ሲሞቅ ከፍ ይላልና፣ በብርዳም የእንጅባራ ጠዋት ተቸኩሎ የተፈረደበት ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል።

አጠባበቁም ይህንኑ ትዕግሥት ይሻል። ባለዋሽንቱ ነፍቶ ሲጨርስ መሣሪያውን ወደ ታች ቢያዘነብል፣ ከእስትንፋሱ የተጠራቀመው ጤዛ ጠብ ሲል ያያል፤ ይህ እርጥበት ውስጡ ሲሰነብት አገዳውን ያሳብጣል፣ ሻጋታም ያመጣል። ስለዚህ በቀጭን እንጨት ላይ ንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ ይወልውለው፣ ከምድጃና ከፀሐይ አርቆም በጥላ ያሳርፈው። ከእንጅባራ ደጋ ወደ ደረቅ ቆላ ይዞት ሲወርድም፣ አገዳው አየሩን ቀስ በቀስ እንዲለምድ በጨርቅ ጠቅልሎ ይያዘው። ሃርሞኒካም ያው ነው፤ ነፊው አፉን ካልተጉመጠመጠና መሣሪያውን በእጁ ካላሞቀ፣ ጤዛው የልሳኖቹን ስስ ክዳኖች ያጣብቃል።

የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዳይሬክተር የነበሩት አሸናፊ ከበደ አንዱን ድርሰታቸውን «እረኛው ባለዋሽንት» ብለው መሰየማቸው፣ ይህ ትሑት አገዳ በሊቃውንት ዘንድም ክብር እንዳለው ያሳያል። እኛም ዓመታት ቆሞ የበሰለውን አገዳ በአንድ ቀን ችኮላ አናጥፋው።