ጴጥሮስ ያረፈበት ቤት

ወገኖቼ፣ ሐዋርያው ጴጥሮስ በኢዮጴ ከተማ ብዙ ቀን የተቀመጠው በማን ቤት እንደነበረ አስተውላችኋል? በቁርበት ፋቂው በስምዖን ቤት ነው (ሐዋ. 9፥43)። ቁርበት ፋቂ የሞተ እንስሳ ሲነካ የሚውል ሰው ነው፤ አይሁድ ሥራውን ይጸየፉት ነበር። ጴጥሮስ ግን እዚያ በላ፣ እዚያ አደረ። በዚያው ቤት ጣሪያ ላይ ሲጸልይም ማንንም ሰው ርኩስ እንዳይል እግዚአብሔር አሳየው (ሐዋ. 10፥28)።

ይህ የኢዮጴ ብቻ ጉዳይ አይደለም፤ የያቤሎና የነጌሌም ነው። በቦረና ምድራችን ቱምቱ ብረት ይቀጠቅጣል፤ ቢላውና ጦሩ የእጁ ሥራ ነው። ዋታ ደግሞ በአደንና በማር ይኖር ነበር። ከብት አርቢው የዱር ሥጋ ስለሚጸየፍ በሊታውንም ናቀው። ቋንቋችን አንድ፣ ምድራችን አንድ፤ ጋብቻ ግን የለም። በኮንሶ ሃውዳ፣ በከፋ ማንጆ የሚባሉትም እንዲሁ ተገፍተዋል። በሰሜንም ብረት ሠሪው «ቡዳ» ተብሏል።

ሕግ ሳይወጣ ቀርቶ ነው? አይደለም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ አስነገሩ። ሕንድም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950 በጸናው ሕገ መንግሥቷ «አይነኬ» ማለትን ከለከለች። ሆኖም ከዚያ ንቀት ሸሽተው ወደ ክርስቶስ የመጡ ዳሊቶች በአንዳንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተለየ መቀመጫ፣ የተለየ መቃብር ጠበቃቸው። አያሳዝንም? አዋጅ እጅን ይይዛል፤ ልብን ግን አይለውጥም።

ጴጥሮስ ራሱ ያን ሁሉ ተምሮ በአንጾኪያ ሰው ፈርቶ ከማዕድ ተነሣ። ጳውሎስም ፊት ለፊት ገሠጸው (ገላ. 2፥11-14)። እኛስ? እሁድ ከአንድ የጌታ ማዕድ እንቆርሳለን። ሰኞ በዚያው ወንድም ቤት ቡና ቀላ ሲቀርብልን «ጠግቤያለሁ» እንላለን። ልጃችን «በጌታ የሆነ ልጅ አገኘሁ» ስትለን «ጌታን ይወዳል ወይ?» ሳይሆን «ዘሩ ከየት ነው?» እንላለን።

«ጎሳዬ ቢተወኝስ?» የሚል አለ። ፍርሃቱ እውነት ነው። ድርቅ ከብቱን ሲጨርሰው በቡሳ ጎኖፋ ጊደር ሰጥቶ የሚያቋቁመው ጎሳው ነው። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ሆይ፣ በዚህ ምክንያት ዘመዱ ለሚተወው ሰው ጎሳው አንቺ ሁኚ! ጊደሩንም አዋጪ። «በርታ» ብሎ መሸኘት ብቻ አይበቃም።

ዋታ ወይም ቱምቱ ተብለህ የተናቅህ ወንድሜ፣ የተናቅሽ እህቴ፣ ጌታችንንም በአገሩ «ይህ ጸራቢው አይደለምን?» ብለው ንቀውታል (ማር. 6፥3)። ውርደታችሁን ያውቃል። እናንተ የቤቱ ልጆች እንጂ የበራፉ እንግዶች አይደላችሁም።

እኛ የናቅን ደግሞ ንስሐ እንግባ። በዚህ ሳምንት ያልገባንበትን ቤት እናንኳኳ። «በድያችኋለሁ፣ ይቅር በሉኝ» እንበል። ከዚያ እንቀመጥ፤ የቀረበልንንም እንብላ።

ጌታ ሆይ፣ አንተ ያነጻኸውን ርኩስ ያለ አፋችንን ይቅር በል። በመስቀልህ ያፈረስከውን ግድግዳ መልሰን እንዳንሠራ እርዳን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።