የተሳቢ ጎማ መለወጥና የጭነት ጉዞ ደኅንነት

ድርቅ ለጎዳው ወገን እህል በወቅቱ ይደርስ ዘንድ፣ ከወደብ እስከ ማከፋፈያ ጣቢያ ያለው የመጓጓዣ ሥራ ሳይቋረጥ መካሄድ እንዳለበት የታወቀ ነው። በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ከባድ ረሀብ ጊዜ፣ በአሰብ ወደብ የተራገፈ የእርዳታ እህል በሚሌና በባቲ በኩል ወደ ወሎ ይወጣ የነበረው በጭነት መኪናና በተሳቢ ነበር። ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ መነሻው የጅቡቲ ወደብ ቢሆንም፣ በጋላፊ በኩል ሚሌ ከተደረሰ በኋላ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወጣው ዳገት ያው የቀድሞው ነው።

400 ኩንታል የጫነ መኪና ከነተሳቢው፣ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ግራም በሚለው ስፍር ቢሰላ፣ ለ2,600 ያህል ሰዎች የአንድ ወር ቀለብ ይዟል ማለት ነው። ስለሆነም ተሳቢ በመንገድ ላይ ሲገለበጥ ጉዳቱ በሾፌሩና በረዳቱ ላይ ብቻ የሚቀር ሳይሆን፣ በጣቢያው ተሰልፎ ለሚጠባበቀው ሕዝብ ጭምር የሚተርፍ ነው።

ያለቀ ጎማ በአዲስ ሲለወጥ ችግሩ ሁሉ የተወገደ ይመስላል። ይሁን እንጂ የጎማው አዲስነት ብቻውን ተሳቢውን አያጸናውም። ዋናው ቁም ነገር የተሳቢው ጎማዎች እርስ በርሳቸው መመሳሰላቸው ነው።

ተሳቢ የሚወዛወዘው ለምንድን ነው?

ተሳቢ የራሱ ሞተርም ሆነ በሾፌሩ እጅ ያለ መሪ የለውም። ጎታቹ መኪና ጉድጓድ ለመሸሽ ወይም ሌላውን ለመቅደም ወደ ጎን ፈቀቅ ሲል፣ እንቅስቃሴው በመጎተቻው ዘንግ በኩል ወደ ኋላ ይተላለፋል። ተሳቢው ዘግይቶ ይቀበለውና በፈጣን ጉዞ ላይ ከጎታቹ በበለጠ ኃይል ወደ ጎን ይወረወራል። ይህንን ኃይል ተቋቁሞ ተሳቢውን ወደ መስመሩ የሚመልሰው መንገዱን የረገጠው ጎማ ነው። ጎማው ጠንክሮ ከተቋቋመ ውዝዋዜው ከጥቂት ምልልስ በኋላ ይበርዳል፤ ወደ ጎን የሚለጠጥ ከሆነ ግን፣ በተለይ ፍጥነት ሲጨመር፣ እያንዳንዱ ምልልስ ከቀደመው እየሰፋ ሊሄድ ይችላል።

የአዲስ ጎማ ጠባይ

አንዳንድ ሾፌሮች ጎማ ከተለወጠ በኋላ ተሳቢው ከቀድሞው ይልቅ እንደሚዋልል ይናገራሉ። አባባላቸው መሠረት አለው። የአዲስ ጎማ ጥርስ ረጅም በመሆኑ ወደ ጎን ሲገፋ በቀላሉ ይታጠፋል፤ ገጽታውም ገና አልተሻከረም። ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በዝግታ ከተነዳ በኋላ ጎማው መንገዱን ይለማመዳል። ጥርሱ ያለቀ ጎማ በደረቅ አስፋልት ላይ የጸና መስሎ ቢታይም፣ ዝናብ ሲጥል ውሃውን የሚያስወጣበት ቦይ ስለሌለው የሚንሸራተት ነው፤ ስለዚህ አሮጌውን ለማቆየት ምክንያት ሊሆን አይገባም።

የማይመሳሰሉ ጎማዎች

ከሁሉ የከፋው ችግር ጎማ አንድ በአንድ እየተጠየቀ ሲለወጥ የሚፈጠረው ነው። በአንድ በኩል የተጣመሩ ሁለት ጎማዎች ከአንድ ማዕከል ጋር ስለታሰሩ እኩል ይዞራሉ። አንዱ ከሌላው በቁመት ካነሰ፣ ትልቁ ከድርሻው በላይ ይሸከምና ይግላል፤ ትንሹ ደግሞ እየተጎተተ ያልቃል። ቁጥራቸው 9.00 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ጎማዎች፣ በተጣመሩት መካከል ያለው የዲያሜትር ልዩነት ከ12 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ይመከራል። 10 ሚሊ ሜትር ጥርስ ያለቀበት ጎማ ከአዲሱ ጋር ቢጣመር ግን ልዩነቱ 20 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ትልቁ ጎማ በጉዞ ላይ ቢፈነዳ ሸክሙ በሙሉ ባለቀው ላይ ይወድቃል።

እንደዚሁም ክሩ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ቀጥ ብሎ የተዘረጋው ራዲያል ጎማና ክሩ እየተጣለፈ የተነባበረው የቀድሞው ዓይነት ጎማ በአንድ አክስል ላይ መቀላቀል የለባቸውም። ለጎን ግፊት የሚሰጡት ምላሽ የተለያየ በመሆኑ፣ አንዱ ሲይዝ ሌላው ይለቃል። ከተፈቀደው ልክ የሚበልጥ ጎማ መግጠምም ጭነቱን ከመሬት ከፍ ስለሚያደርገው፣ ከውጫሌ ቁልቁለት በመሰለ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ የመገልበጥ አደጋን ይጨምራል።

የነፋስ መጠን

ነፋሱ የጎደለ ጎማ፣ አዲስም ቢሆን፣ ጎኑ እየተጣጠፈ ተሳቢውን ያወዛውዛል፤ በቆላው ሙቀትም ግሎ ይፈነዳል። የኛ መንገድ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ደጋ ስለሚወጣ ጉዳዩ የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። በጅቡቲ በ40 ዲግሪ ሙቀት፣ ቆሞ ሳለ 7 ባር የተሞላ ጎማ፣ ደሴ ላይ ሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 6.5 ባር ገደማ ይሆናል። ከፍታው መለኪያውን በመጠኑ ከፍ ቢያደርገውም ቅዝቃዜው ያመዝናል። በመሆኑም ኮምቦልቻ ወይም ደሴ ያደረ መኪና ወደ ሰሜን ከመነሣቱ በፊት ማለዳ ሊለካ ይገባዋል። በጉዞ ግሎ የቆመን ጎማ ግን ማስተንፈስ ፈጽሞ ክልክል ነው፤ ሲበርድ ከልኩ በታች ይወርዳልና።

ከኃላፊዎችና ከሾፌሮች የሚጠበቅ

1. የተሳቢ ጎማ ግዢና ወጪ ሲፈቀድ ቢያንስ ለአንድ አክስል የሚበቃ ይሁን። ከአክስሉ የወረዱት ደኅነኛ ጎማዎች እየተለኩ ከእኩዮቻቸው ጋር ይጣመሩ።

2. በንብረት መጠየቂያ ቅጽ ላይ የጎማው ቁጥር ብቻ ሳይሆን ዓይነቱና የመሸከም አቅሙ ይጻፍ።

3. ጎማ ከተለወጠ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር እንደተነዳ፣ መኪናው ቆሞ የጎማው ዳዶዎች እንደገና ይጥበቁ።

4. አዲስ ጎማ የተገጠመለት ተሳቢ በመጀመሪያው ጉዞ በዝግታ ይነዳ፤ የጉዞ ትእዛዝ የሚሰጠው ክፍልም ለዚህ የሚበቃ ጊዜ ይመድብ።

5. ተሳቢው መወዛወዝ ከጀመረ ሾፌሩ ነዳጁን ቀስ አድርጎ ይልቀቅ፣ መሪውንም ቀጥ አድርጎ ይያዝ። ድንገት ፍሬን መርገጥ ወይም መሪ ማወራጨት ተሳቢውን ይጥላል። ለተሳቢው ብቻ የተለየ የእጅ ፍሬን ካለ በቀስታ መጠቀም ይረዳል።

ከዚህ በላይ የተዘረዘረውን ለመፈጸም የሚያስፈልገው መሣሪያ የነፋስ መለኪያ፣ ሜትርና የዳዶ መፍቻ ነው። አንድ ጎማ ብቻ በመፍቀድ የሚቆጠበው ገንዘብ፣ ገደል ከገባ የተሳቢ ጭነት ጋር ሲነጻጸር እጅግ አነስተኛ ነው። የጎማ መጠየቂያ ላይ የሚፈርም ኃላፊ፣ በጣቢያው የሚጠባበቀው ሕዝብ ቀለብም በዚያው ፊርማ ሥር መሆኑን ሊያስታውስ ይገባል።