የኬብል አንገት

ሽማግሌው ሙሽሮቹን ለመመረቅ ሲነሡ ማይኩ መንተባተብ ጀመረ። «ውለዱ» ይላሉ፣ ቃሉ ይዋጣል። «ክበዱ» ይላሉ፣ ግማሹ ይሰማል። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው በምኑ ላይ አሜን እንደሚል ግራ ገባው። እኔ ሚክሰሩ ጋ ቆሜ ላቤ ይንቆረቆራል። ኬብሉን ከሱቅ ገዝቼው ቢሆን ኖሮ የሠራውን ፋብሪካ እረግም ነበር። የበየድኩት ግን ራሴ ነኝ።

ማታ ቤት ገብቼ የኬብሉን መሰኪያ፣ ካኖኑን፣ ፈታሁት። ብየዳው ያብረቀርቃል፤ እንከን አይወጣለትም። የተበጠሰው ሽቦው ነው፤ ብየዳው ካለቀበት ትንሽ ራቅ ብሎ። ኬብሉን አንገቱ ላይ ጨብጦ የሚይዘውን ክሊፕ ቸኩዬ በደንብ ስላላጠበቅሁት፣ ማይኩ በተጎተተ ቁጥር ጉተታውን የሚቀበሉት ቀጫጭኖቹ ሽቦዎች ነበሩ። ሊድ፣ ማለትም የምንበይድበት ብረት፣ የጠጣ ሽቦ ደግሞ አይተጣጠፍም። እንደ እንጨት ይደርቅና ድርቀቱ ካበቃበት ቦታ ላይ ይሰበራል።

ከዚያ ወዲህ ሥራ ሊለምድ ለሚመጣ ልጅ መጀመሪያ የማሳየው ክሊፑን ነው፤ መበየጃው ካውያ በኋላ ይደርሳል። ሊድ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል እንጂ ጉተታ አይችልም።

ካኖን የምንለው ባለሦስት እግር መሰኪያ ስሙን ያገኘው ካኖን ኤሌክትሪክ ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። እግሮቹ አጠገብ በጣም ደቃቅ ቁጥር አለ፤ ዓይኔ እየደከመ ሲመጣ በስልኬ ካሜራ አጉልቼ ነው የማነበው። 1 ዙሪያውን ለሚያለብሰው ጥልፍልፍ ሽቦ፣ 2 ለፖዘቲቭ፣ 3 ለኔጌቲቭ። በ2 እና በ3 ላይ የሚሄደው ድምፅ አንድ ነው፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል። ከመብራት መስመር የሚገባው እምታ ግን፣ የኛ መብራት 50 ኸርዝ ነውና ያቺ የለመድናት «እምምም»፣ በሁለቱም ላይ እኩል ይገባል። ሚክሰሩ የሁለቱን ልዩነት ብቻ ስለሚወስድ እኩል የገባው ይጠፋፋል። 30 ሜትር ኬብል በጄኔሬተር መስመር አጠገብ ዘርግተን ንጹሕ ድምፅ የምናገኘው ለዚህ ነው። ለክራር የምንሰካው ባለሁለት ሽቦ ጃክ ይህ መከላከያ ስለሌለው ኬብሉን አሳጥሬ እሠራለሁ፤ ከ6 ሜትር አላሳልፈውም።

2 እና 3 በአንድ ጫፍ ላይ ቢቀያየሩስ? ማይኩ ብቻውን ሲሠራ ማንም ልብ አይልም። ጉዱ የሚታየው ሌላ ማይክ ጎኑ ሲቆም ነው። አንድ ጊዜ በከበሮ ፊት ሁለት ማይክ ደርድሬ፣ ከበሮው ሆዱ ጠፍቶበት እንደ ቆርቆሮ ሲጮህ ግማሽ ቀን ሚክሰሩን ስጠረጥር ዋልኩ።

«ጋሼ፣ ሊዱ 183 ዲግሪ ላይ ከቀለጠ ካውያውን ለምን 350 እናደርገዋለን?» አለኝ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ። ጥያቄውን ወደድኩለት። ቶሎ ነክተን ቶሎ እንድንነሣ ነው። በቀዝቃዛ ካውያ ስንለማመጠው የሽቦው ፕላስቲክ ቀልጦ ይሸሻል፣ ራቁታቸውን የቀሩት ሽቦዎችም ይገናኛሉ። እሱ ደግሞ እንደ ጀማሪ ሁሉ ሊዱን ካውያው ጫፍ ላይ አቅልጦ እንደ ሙጫ ሊለጥፈው ይሞክራል። መሞቅ ያለበት እግሩና ሽቦው ነው፤ ሊዱ ከእነሱ ሙቀት ራሱ ይቀልጣል። ደብዝዞና ሻክሮ የቀረ ብየዳ ካየሁ እንደገና አስጀምረዋለሁ። ቆርቆሮ በያጆች የሚጠቀሙበትን አሲድ ግን ጠረጴዛዬ ላይ ማየት አልፈልግም፤ ሽቦውን ቀስ በቀስ ይበላዋል።

ሳይበየድ በመጭመቂያ የሚሠራ መሰኪያም አለ፤ አልንቀውም። በልኩ በተሠራ መጭመቂያ የተጨመቀ መዳብ አየር እንኳ አያስገባም። በፒንሳ የሚጨመቀው ነው የሚያናድደኝ። የስፒከር ሽቦ በብሎን ሥር የሚታሰር ከሆነ ደግሞ ጫፉን ሊድ አታጠጡት። ሊድ በብሎኑ ጫና ሥር ቀስ እያለ ይፈሳል፤ ማሰሪያው ይላላል፣ ከዚያ ይግላል።

«ገንዘብ ትቆጥባለህ ወይ?» ይሉኛል። ጥሩ ካኖንና ጥሩ ኬብል ከገዛሁ ስሠራው ብዙም አላተርፍም። ትርፌ ሲበላሽ ነው፤ አምስት ሳንቲ ሜትር ቆርጬ እንደገና እበይደዋለሁ። ሁለቱን ጫፍ ጨርሼ የካኖኑን ሽፋን አስቀድሜ ኬብሉ ላይ አለማስገባቴን የማስታውስበት ቀን ግን ትርፍ የሚባል ነገር የለም። ዛሬም ይደርስብኛል፤ ልጁ ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን ያዞራል።

ኬብሉ ተሠርቶ ሲያልቅ በቴስተር አጮኸዋለሁ፤ 1 ከ1፣ 2 ከ2፣ 3 ከ3፣ ቀጥሎም እርስ በርስ እንዳልተገናኙ። ይህን ሳደርግ አንገቱን እወዘውዘዋለሁ። ያ የሠርግ ኬብል ይህን ፈተና አልፎ ነበር።

መርካቶ ካኖን ስትገዙ ከውጭ የሚያብረቀርቀውን ተዉትና ፍቱት። ውስጡ የኬብል መያዣ ክሊፕ ከሌለው ገጥማችሁ ለባለሱቁ መልሱለት።